ላብ የሚያልበው መስታወት

ጎንደር አውቶቡስ ተራ ሄዳችሁ «በማኪናው ላይ ቅሬታ ያለው ሹፌር ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ ቅሬታ የሌለው ሹፌር ገና አልተወለደም። «የፊት መስታወቱን የከሰሰውስ?» ብላችሁ ብትጨምሩ ግን ሁሉም እጁን ያወርድና በአገጩ ወደ ደባርቅ መስመር ያመለክታችኋል። እዚያ፣ ከነጯ ሚኒባስ አጠገብ፣ ጋቢውን ባንድ ትከሻው ጣል አድርጎ መስታወቱን እንደ ወሰን ገፊ ጎረቤት ትክ ብሎ የሚያየው ሰው አያ ዕንባቆም ነው።

ሚኒባሷ ከተገዛች ስድስት ወሯ ነው። ዜሮ ዜሮ ነው የገዛት። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ እስከ ዛሬ አልተላጠም፤ በፀሐይ ጊዜ ተሳፋሪው ሲነሳ ከልብሱ ተጣብቆ አብሮት ሊወርድ ይቃጣዋል። «ምነው አያ ዕንባቆም፣ ይኼን ላስቲክ አታነሳውም?» ያለው ሁሉ «ማኪናዋ ገና ልጅ ናት» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የኔ የሚላትን አገኘ፤ ቢያሞላቅቃት አይፈረድበትም። ግን ባሞላቀቃት ባራተኛ ወሯ፣ ዝናቡ ገና ጠብ ሲል፣ እንከን አገኘሁባት አለ።

የመጀመሪያውን ቅሬታ ይዞ የሄደው በሰኔ ነው። ማኪናዋን የሸጠለት ድርጅት በአዘዞ መንገድ ላይ ትንሽ ቢሮና ጋራዥ አለው። እዚያ ቅሬታ የምትቀበለው ወንጌላዊት ትባላለች፤ መካኒክነት የተማረች፣ እጇ ግሪስ የለመደ፣ ትዕግሥቷ ደግሞ ከግሪሱም የወፈረ ሴት ናት። አንድ ቅጽ ሰጠችው። ቅጹ ላይ «የተሽከርካሪው ችግር» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ባዶ ቦታ ነበረ። አያ ዕንባቆም ሁለቱን መስመር አይቶ ሳቀ።

«ልጄ፣ በዚችማ ሰላምታውስ መቼ ያልቃል?» አለና ቅጹን ቤቱ ይዞት ሄደ። በማግሥቱ ሦስት ገጽ አባሪ አድርጎ መለሰው።

ጽሑፉ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ለክቡራን የማኪና ሻጮች። እንደምን ሰንብታችኋል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ ከመጣ ወዲህ ግን ደህና አይደለንም። የሸጣችሁልን ማኪና ሰውነቷ ሸጋ፣ ሞተሯ ሸጋ፣ ፍሬኗም ሸጋ ሆኖ ሳለ፣ የፊት መስታወቷ ዝናብ ሲነካው ይታወራል። የዝናብ መጥረጊያዋም ይጠርጋል ብለን ስንጠብቀው ይለቀልቃል። ወለል የሚለቀለቅ ለዓመት በዓል ነው እንጂ...» እያለ ይቀጥላል። ወንጌላዊት ሦስቱንም ገጽ አነበበች፤ አንብባ ስትጨርስ ለጋራዡ ሰዎች ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ከዚያ የመጥረጊያውን ጎማ በአዲስ ቀየረችለት።

ሐምሌ ላይ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ከፊት የሚመጣ ማኪና መብራቱን ሲያበራ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ፍርክስክስ ብሎ ይበተናል የሚል ሌላ ሦስት ገጽ ይዟል። ወንጌላዊት መስታወቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ጋሼ ዕንባቆም፣ ይኼ መስታወት ቅባት አለበት። ሲያጥቡት በሳሙና ነው?»

«በየቅዳሜው ቀሃ ወንዝ ወርጄ በንጹሕ ውኃ አጥባታለሁ።»

«በሳሙናስ?»

«አዲስ ማኪና በሳሙና! ቀለሟን ልትልጪልኝ ነው?»

ወንጌላዊት ከዚህ በላይ አልተከራከረችም፤ መጥረጊያውን ከነብረቱ ነቅላ ሌላ ገጠመችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ከሌላ ሦስት ገጽ ጋር የመስመሩን ሹፌሮች ፊርማ አሰባስቦ ነበር። ከፈረሙት ውስጥ ግማሾቹ ማኪናቸው ሌላ ዓይነት ነው፤ ደመቀ የሚባለው የልብ ወዳጁማ መጥረጊያው ምንም ሳይሆን ነው የፈረመው። ወንጌላዊት ለምን ብላ ስትጠይቀው «ለትብብር» አላት። አያ ዕንባቆም በዚያ ቀን ነው የመጨረሻ ፍርዱን የሰጠው።

«መስታወቱ ያልበዋል» አለ። «እናንተም ጠርጋችሁ፣ እኔም ጠርጌ፣ ባደረ ቁጥር መልሶ ቅባቱን ያወጣል። ከውስጡ ነው።»

«ጋሼ፣ መስታወት አያልበውም።»

«የሌላው አያልበው ይሆናል። የእናንተው ያልበዋል።»

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ጩኸት ለአንድ መስታወት ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። አያ ዕንባቆም ለማንም ያልተናገረው አንድ ነገር አለ፤ እሱ ባይናገር እኛ እንናገርለታለን። ጥቅምት ላይ መንጃ ፈቃዱ ይታደሳል። ለእድሳቱ የዓይን ምርመራ አለ። ግድግዳ ላይ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ራቅ ብለህ ቁምና አንብብ ትባላለህ። ካላነበብክ ፈቃዱ አይታደስም፣ ፈቃዱ ካልታደሰ ማኪናዋ በሌላ ሰው እጅ ናት፣ አያ ዕንባቆምም ከአውቶቡስ ተራ ጥግ ተቀምጦ የሰው ማኪና መውጣትና መግባት የሚቆጥር ሽማግሌ ነው። እሱን ነው የፈራው።

ባለፈው እድሳት ጊዜ ምን እንዳደረገ ብነግራችሁ ደግሞ አታምኑኝም። ከፊቱ የቆመው ሰውዬ ሰሌዳውን ሲያነብ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ሰማው። አንዴ ሰማው፣ በቃ፣ ያዘው። ተራው ሲደርስ ከላይ እስከ ታች አንበለበለው። ሐኪሙ «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ እኔ ራሴ አልደረስኩብዎትም» አለው። ምን ይደረግ፣ የቄስ ልጅ ነው። አባቱ ከመካነ ብርሃን ማዶ ባለች ደብር ሲያገለግሉ የኖሩ ካህን ነበሩ፤ ልጃቸውን ገና በልጅነቱ ቅኔ ቤት ሰደዱት። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያዘ። ቅኔው ግን ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከጉባኤ ቃና፣ ፈቅ አላለለትም፤ አንድ ቀን የጭነት ማኪና ጡሩምባ ሰማና ልቡ አብሮ ሄደ። የቅኔ መምህሩ እስኪሞቱ ድረስ «ያ ልጅ ማኪና ባይበላው ኖሮ» ይሉ ነበር ይባላል። ሌሎች ግን መምህሩ ያሉት «ተገላገልኩ» ነው ይላሉ።

ያ በቃል የመያዝ ነገር ግን ከመሪው ላይም አልተለየውም። የጎንደር ደባርቅን መንገድ እንደ ዳዊቱ ያውቀዋል። ኮሶዬ ጋ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ አምባ ጊዮርጊስ መግቢያ የትኛው ጉድጓድ በቀኝ እንደሚታለፍ፣ ገደብዬ ላይ የማን በጎች በስንት ሰዓት መንገድ እንደሚያቋርጡ ያውቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳል ብለው ያመሰግኑት ነበር ተሳፋሪዎቹ። እሱም ደስ ይለው ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ይኼ ምስጋና ሲነገር ደስ አይለውም።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ጭጋግ አለ፤ ይኼንን ራሱም ያውቃል። ጭጋጉ ወይ መስታወቱ ላይ ነው፣ ወይ ዓይኑ ላይ ነው። መስታወቱ ከተፈረደበት ዓይኑ ነፃ ይወጣል። መስታወቱ ነፃ ከወጣ ግን የሚከሰስ ሌላ የለም። ዘጠኝ ገጽ ቢጽፍ ይበዛበታል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ተራው ውስጥ የሚወራውን የማይሰማው እሱ ብቻ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ደመቀ፣ ሻይ አብረው ሲጠጡ፣ እንደ ዘበት አነሳት።

«ዕንባቆም፣ እንደው... ዓይንህን አሳይተህ ታውቃለህ?»

«ምኑን?»

«ዓይንህን። የኔ አባት ሞራ ነበረበት፤ ገፈፉለት፣ አሁን መርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ወንድሜ።»

አያ ዕንባቆም ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ሲል ከጠረጴዛው ዳር ሳተውና ሻዩ ደመቀ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። «አየህ፣ ነገርህ እጄን አንቀጠቀጠው!» ብሎ ተነሳ። አራት ቀን ተኳረፉ። አራት ቀን ለሁለቱ ብዙ ነው፤ ከዚያ በፊት ተኳርፈው የሚያውቁት ደመቀ ልጁን ሲድር ለአያ ዕንባቆም መጥሪያ ካርድ ሳይልክ የቀረ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ካርዱ ስለጠፋ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንኳየሁ አለች፣ ሚስቱ። እሱ ሦስት ገጽ የሚጽፈውን እሷ በአንድ «እም» ትጨርሰዋለች። ከሱ ቀድማ ትነሳለች፣ ኪዳን ታደርሳለች፣ ተመልሳ ቁርሱን ታቀርብለታለች። ስለ መስታወቱ ስንት ጊዜ ቢያማርር «እም» ከማለት አልፋ አታውቅም። እሱ ታዲያ ይኼን «እም» እንደ ስምምነት ነበር የሚቆጥረው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ አሥራ አምስት ጠዋት፣ ሚኒባሷ ለበዓል ወደየአገሩ የሚሄድ ሰው ሞልታ ከጎንደር ወጣች። ኋላ የተቀመጡት የነጭ ሽንኩርት ጆንያ የያዙ የዳባት ሴቶች ናቸው። ከሹፌሩ ጎን ደግሞ አባ ባምላክ ተቀምጠዋል፤ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፉ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ነገር ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ካህን ናቸው።

ኮሶዬን እንዳለፉ ካፊያ ጀመረ። ጠብታው መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ከኋላ አንዷ ሴት ጮኸች።

«ኧረ በስመ አብ! መስቀል! መስታወቱ ላይ መስቀል!»

ሁሉም ከወንበሩ ብድግ አለ። እውነትም ነበር። ከሹፌሩ ፊት ለፊት፣ ውኃው ሌላውን ቦታ ሲያረጥበው አንድ የሚሸሸው ቦታ ነበር፤ የተሸሸው ቦታ ደግሞ ክንዱ ደህና አድርጎ የተዘረጋ መስቀል ሠርቶ ቁጭ ብሏል። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። አያ ዕንባቆም የዝናብ መጥረጊያውን ሊያስነሳ እጁን ሲሰድ፣ ሚኒባሷ ሙሉ ሕዝብ «አትንካው!» ብሎ ጮኸበት።

«አያ ዕንባቆም፣ አፈር ስሆንልህ፣ እንዳታጠፋው!»

«እንዴት ሳያይ ይነዳል ታዲያ?» አለ አንድ ከኋላ ያለ ሰው።

«የሰጠ አምላክ ያሳየዋል!» አለችው ሴትዮዋ።

«አየኸው አያ ዕንባቆም? ፊትህ ላይ እኮ ነው!»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አያ ዕንባቆም ምንም አላየም። ፊቱ ላይ ያለው ሁልጊዜ የሚያየው ያው ነጭ ድፍርስ ነው። «አዎ፣ አዎ፣ አየሁት፣ ስሙ ይመስገን» አለ፣ ድምፁን እንደ አመነ ሰው አርጎ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲሳለም ወደ ግራ መስኮቱ ነበር የተሳለመው። ሴቶቹ አላዩትም። አባ ባምላክ ግን አዩት።

ጉሙ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ መንገዱ ላይ ተኝቶ ጠበቃቸው። መጥረጊያው ተከልክሏል፤ አያ ዕንባቆም አልቻለም፣ ማኪናዋን ጥግ አሲዞ አቆማት። ሕዝቡ ወርዶ ፊቷን ከበባት። የሚሳለም ተሳለመ፣ የሚያለቅስ አለቀሰ፣ አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳ። አባ ባምላክ በመጨረሻ ወረዱ። ጎንበስ አሉና ትንሿን ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሹ፣ አሸተቷት።

«ልጆቼ» አሉ፣ ቀስ ብለው፤ «መስቀሉስ መስቀል ነው። ግን በሰው ጣት የተቀባ ነው። ቅባ ቅዱስ ነው። እዚች ጋ ጣቱ ያረፈበት አሻራ እንኳ አለ።»

እልል ያለችው ሴትዮ «ታዲያ እልልታዬስ?» አለች፣ እንደ ተከዳች ሁሉ።

«እልልታሽ ለመስቀሉ ነው፤ አልጠፋብሽም» አሏት።

ሁሉም ሰው ሲያዝን አንድ ሰው ብቻ ደስታው ወደ ሰማይ ወጣ። «ዘይት ነው!» አለ አያ ዕንባቆም። «ሰማችሁ? ዘይት ነው! ሦስት ወር ሙሉ እየጮህኩ የሚሰማኝ አጥቼ! ቅባት አለበት አላልኩም? ደመቀ ይኼን በሰማ! ያቺ ልጅ ይኼን በሰማች!» ጋቢው ወድቆ ጭቃ ላይ ቢያርፍ እንኳ አላነሳውም። አባ ባምላክ አንስተው አራገፉና ትከሻው ላይ መለሱለት፤ ሲመልሱለት ክንዱን ይዘው ወደ ጎን ገለል አደረጉት።

«ልጄ፣ መስቀሉ በየት በኩል ነበር?»

«በ... በግራ በኩል ነበራ፣ አባቴ።»

«ፊትህ ላይ ነበር። ዘይቱስ ይታጠባል» አሉና ገቡ።

መስታወቱን በጋቢው ጫፍ ጠራርጎ፣ መጥረጊያውንም አስነስቶ፣ እስከ ዳባት በእርምጃ ነዳ። አባ ባምላክ ከጎኑ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ኋላ ያሉት ጸሎት መስሏቸው ዝም አሉ። አያ ዕንባቆም ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማ፦ «በቀኝህ አህያ አለ... ፊት ለፊትህ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ... አሁን ሂድ፣ ንጹሕ ነው...» ዳባት ላይ ሁሉም ወረደ፤ አባ ባምላክም መንገዳቸውን በሌላ ማኪና ለመቀጠል ወረዱ። ላደረሳቸውም መረቁት። ምርቃቱን ሲቀበል ፊቱ ቀልቶ ነበር።

እሱም ያለ ተሳፋሪ፣ ማንንም ሳይጭን፣ ጉሙ እስኪገፈፍ ዳባት ቆሞ ጠብቆ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጎንደር፣ ቀሃ ሰፈር ካለው ቤቱ ገባ። በመንገዱ ሁሉ ለራሱ የሚደጋግመው አንድ ቃል ነው፦ ዘይት ነው፣ ዘይት ነው። እንኳየሁ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እንኳየሁ፣ ቅባ ቅዱሱ የት አለ?»

«ካለበት።»

«ማኪናዋን የምትቀቢያት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች፤ ምስሩን መልቀም አላቋረጠችም። «ከኪዳን ስመለስ። አንተ ቁርስ ስትበላ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከግንቦት ልደታ ማግሥት።»

አያ ዕንባቆም ተቀመጠ። መልሶ ተነሳ። «ሦስት ወር ከምናምን! እኔ በሰው ደጅ ስመላለስ፣ መጥረጊያ ሲነቀል ሲተከል፣ ዘጠኝ ገጽ ስጽፍ፣ ምነው አንድ ቃል አትይም?»

«ስትጽፍ ደስ ይልህ ነበር» አለች።

«ሰው አስፈርሜያለሁ እኮ!»

«ዘይቱ ማየት የሚከለክል መሆኑን ምኑን አውቄው! እኔ እንዲገልጥልህ ነው የቀባሁት።» ሰፌዱን አስቀመጠች። «ካጠፋሁ ይቅር በለኝ። ና፣ እናጥበው።»

አያ ዕንባቆም በዚያ ቀን የመጀመሪያውን ሽንፈት ተቀበለ፤ አዲሷ ማኪና በሳሙና ታጠበች። እንኳየሁ የልብስ ሳሙና አመጣች፣ እሱ ባልዲ ያዘ። አሹት፣ አለቀለቁት፣ ደግመው አሹት። እንኳየሁ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውለው መስታወቱ ጭው ጭው እያለ ይጮህ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዷ «እንዴት ያለ መስታወት ነው፣ ያለ አይመስልም!» አለች።

«ግቢ» አላት ሚስቱን፤ «ግቢና እዪው።» እሱ መሪው ኋላ ተቀመጠ፣ እሷ ከጎኑ ላስቲኩ ላይ። ዝናቡ መልሶ ማካፋት ጀምሯል። መጥረጊያውን አስነሳው፤ አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ፣ ድምፅ እንኳ የለውም። አያ ዕንባቆም ትክ ብሎ ወደ ፊት አየ። እንኳየሁ ግን ወደ ፊት አላየችም፤ እሱን ነው ያየችው።

«ጠራ?» አለችው።

«ጠራ! እንዴት ያለ ሸጋ መስታወት ነው! በይ ከዚህ ሆኜ ያቺን ከማዶ ያለችውን ታፔላ ላንብብልሽ።» ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቱን ዘረጋ። «ፀደይ ዳቦ ቤት። ትኩስ ዳቦ ጠዋትና ማታ ይገኛል።» ፊደል አልተደናቀፈበትም፤ እንደ ዳዊት ነው ያወረደው።

እንኳየሁ አንገቷን አቀረቀረች።

«ፀደይ ቤቱን ለእህቷ ለቃለች» አለች ቀስ ብላ። «ታፔላው ከተቀየረ ቆየ። አሁን ፅዮን ልብስ ስፌት ነው የሚለው፣ በቀይ ተጽፎ። የተቀየረው ለግንቦት ልደታ ነው። በዚያ ቀን ከሥሩ አብረን ስናልፍ ምንም አላልክም። አንተ፣ የሰው አጥር ቢዘም እንኳ ሳትናገር የማታልፍ ሰው፣ ምንም አላልክም። ያን ጊዜ አወቅሁ።»

አያ ዕንባቆም የተዘረጋች ጣቱን ሰበሰባት። አንድ የሚከሰስ ነገር ፈለገ፤ ዝናቡን አየ፣ መጥረጊያውን አየ፣ መስታወቱን አየ። መስታወቱ ምንም የለበትም።

«ታዲያ ምነው ለኔ አልነገርሽኝም? ምነው ዓይኔን አልቀባሽኝም፣ መስታወቱን ከምትቀቢ?»

«ዓይንህን ብቀባ ማወቄን ታውቅ ነበራ። ታፍራለህ ብዬ ነው።»

ሰውዬው እንግዲህ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት። መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ። «ፈርቼ ነው እንኳየሁ» አለ። «መሪው ከተወሰደብኝ እኔ ምን እሆናለሁ? ሌላ ምን አውቃለሁ? ከቅኔው ሸሽቼ የመጣሁት ለዚች ነው።»

«እም» አለች። የዛሬው ግን ሌላ «እም» ነበር፤ እጇን ከትከሻው ላይ አድርጋ ነው ያለችው። «አንተ ብትፈራ እኔ ደግሞ ብሶብኛል። በወጣህ ቁጥር እስክትመለስ ድረስ ውኃ እንኳ በጉሮሮዬ አይወርድም። የደመቀ አባት ተገፎላቸው የለም? ያንተስ ለምን አይገፈፍም? ከጥቅምት በፊት እንሂድ። ባይሆንም እንወቀው።»

በዓሉ እንዳለፈ፣ በማግሥቱ ጠዋት ደመቀ ተጠርቶ መጣ። ቁልፉን የተቀበለው ምንም ሳይናገር ነው፤ ለደመቀ ይኼ ትልቅ ጨዋነት ነው። አያ ዕንባቆም በገዛ ማኪናው ከሹፌሩ ጎን ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ታዲያ አፉ አላረፈም። «በማርሽ አታሠቃያት። ፍሬኑን እንዲህ አይረግጡትም። ልጅ ናት አልኩህ እኮ!» ደመቀ «ከዚህ መልስ ልጽፍብህ ነው፣ ሦስት ገጽ» ይለዋል፣ እንኳየሁ ከኋላ ሆና ፈገግ ትላለች።

ሆስፒታሉ በራፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ብዙ ነበር፤ ግማሹ ከአርማጭሆ፣ ግማሹ ከጃናሞራ፣ አንዳንዱ ዓይኑን በነጠላ ሸፍኖ። ካርድ አወጡ፣ ተራ ያዙ። አያ ዕንባቆም ከመጋረጃው ወዲህ ነበር የተቀመጠው። ከውስጥ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ፊደል ያነባል፣ ከላይኛው መስመር ጀምሮ። አያ ዕንባቆም ተነሳና ከማዶ ካለው ወንበር፣ ድምፁ ከማይሰማበት፣ ሄዶ ተቀመጠ። እንኳየሁም ተከትላው ከጎኑ ተቀመጠች።

ተራው ሲደርስ ነርሷ አዲስ ካርድ ዘርግታ ብዕሯን አዘጋጀች።

«አባቴ፣ ምን አስቸገረዎት?»

አያ ዕንባቆም ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጋቢውን አስተካከለ። ደመቀ ነገሩ ሊረዝም ነው ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አይታየኝም» አለ።

ነርሷ የሚጨምር መስሏት ትንሽ ጠበቀችው። አልጨመረም። እንኳየሁ እጁን ያዘችው፣ ነርሷም ጻፈች።